ሰባቱ የእርሳስ መስቀሎች

ሰው ሲጠይቀኝ እትዬ አሰለፈችን አልተቀየምኳቸውም እያልኩ ስመልስ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ውሸቴን ነው። ተቀይሜያቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ገብረሃና ወታደር ነበር። በ1970 ዓ.ም. ሰሜን ሞተ። እዚህ ሮም ያሉት የአገሬ ሰዎች ወሬውን የሰሙት ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። እኔ የሰማሁት ግንቦት 1973 ነው። ሦስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሦስት ዓመት ሁለት ሹራብ ሠርቼ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቡናማ። ቡናማውን ከላክሁ በኋላ የሁላችን ታላቅ የሆኑት እትዬ አሰለፈች ራሳቸው «ደርሶታል፣ ልክ ሆኖታል ተብሏል» አሉኝ። እጅጌው እንዳያጥረው ሰግቼ ነበርና እፎይ አልኩ።

ደህንነቱን ከሰማሁ ለቅዱስ እስጢፋኖስ መጋረጃ አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ሹራቡ ልክ ሆኖታል ሲሉኝ፣ ያው ደህና ነው ማለት ነዋ፣ መጋረጃውን ሰፍቼ ከቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ጀርባ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያናችን ወሰድኩ። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ቄሱ ምንም አያውቁም ነበር። እልል ያሉት ሴቶች ግን አብዛኞቹ ያውቁ ነበር።

በኋላ እትዬ አሰለፈችና ሴቶቹ መርዶውን ሲነግሩኝ ምክንያታቸውን አስረዱኝ። «የሰው ቤት ተቀጣሪ ነበርሽ፣ ፊሳ ነበርሽ፤ የት ታለቅሻለሽ ብለን ነው» አሉኝ። ፊሳ ማለት እዚያው እያደሩ መሥራት ነው። እውነታቸውን ነው፣ ያን ጊዜ ያለሁበት ቤት ሳል እንኳ አይወዱም ነበር። ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። እኔ ውሃ ስጡኝ አልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለቅሶውን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ተኝተሽበት የደነዘዘ ክንድ ታውቂያለሽ፣ የራስሽ መሆኑን ታያለሽ እንጂ አይሰማሽም። እንደሱ ነኝ እስከዛሬ።

በዚያው ዓመት የሥራ ቤት ለወጥኩ። ፕራቲ ሰፈር ሲኞር ቪቶሪዮ ዘንድ ገባሁ። እሳቸው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ የካርታ ሠዓሊ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ናቸው። ባለቤታቸው ኢንገ የሚባሉ የሰሜን አገር ሴት ነበሩ፣ እኔ በሕይወት አልደረስኩባቸውም። ከአባታቸው የወረሱትን ሦስት ሣጥን ሙሉ ካርታ ትተው ሞቱ። ሁሉም የጦርነት ካርታ ነው። መቶና ከዚያ በላይ ዓመት የሆነው፣ በወታደር ኮርቻ ቦርሳ ውስጥ ሲታጠፍ ሲዘረጋ የተቀደደ። ሲኞር ቪቶሪዮ አንድ በአንድ ጠግነው ለሴትየዋ አገር ሙዚየም ሊልኩት ነው። ከመሞቴ በፊት ይላሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ እኔን አስተማሩኝ።

መጀመሪያ የቀጠሩኝ ለማጽዳትና ለማብሰል ነበር። አንድ ቀን ሙጫውን ከዱቄት ሲያማስሉ አየኋቸው፣ ተጓጉሎባቸዋል። «ይልቀቁልኝ» አልኩና ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ በቀስታ እሳት ላይ እንደ አጥሚት አማስዬ አቀረብኩላቸው። በጣታቸው ነክተው አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙጫ የኔ ሥራ ሆነ። ቀጥሎ አቡጀዲውን መወጠር፣ ቀጥሎ ካርታውን መለጠፍ። ካርታው ድሮውኑ በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ ነው። ቁራጮቹን አቡጀዲ ላይ ስትለጥፊ በመካከላቸው የገብስ ፍሬ ታህል ክፍተት ትተያለሽ፣ ሲታጠፍ ወረቀቱ እንዳይሰበር። እሳቸው ክፍተቱን በማስመሪያ ይለኩታል። እኔ በዓይኔ ነው የምለካው። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

ስለ አገሩ ነግረውኛል። ሽሌስቪግ ይባላል። ዴንማርክና ጀርመን መካከል ያለ ዝቅ ያለ ምድር ነው፤ ተራራ የለውም፣ ረግረግ፣ አጥር፣ የነፋስ ወፍጮ። አንዱ ይወስደዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። የሲኞራ ኢንገ አያት ዴንማርክ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ጀርመን ውስጥ ተወለዱ። እሳቸው ደግሞ መልሰው ዴንማርክ ውስጥ። ሦስቱም የተወለዱት አንድ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ድንበሩ ነው እንጂ እነሱ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። «አልጋውንስ አልለወጡትም?» አልኳቸው። ሲኞር ቪቶሪዮ ብዙ የማይስቁ ሰው ናቸው፣ ያን ቀን ሳቁ።

ከካርታዎቹ ሁሉ አንዱን እወደው ነበር። እጅግ ያረጀ ነው፣ ጠርዙ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይፈረፈራል። አንድ እርሻ ላይ፣ ከወፍጮ ቤት አጠገብ፣ በእርሳስ የተሠሩ ሰባት ትናንሽ መስቀሎች አሉበት። እኔ ቤተ ክርስቲያን መስለውኝ ነበር። ምን ዓይነት ጻድቃን ቢሆኑ ነው፣ በአንድ እርሻ ሰባት ቤተ ክርስቲያን የሠሩት፣ እል ነበር በልቤ። የዚያን ካርታ አቧራ በብሩሽ ሳነሳ ሰባቱንም አማትቤ ተሳልሜ ነው የማልፈው። ሁለት ዓመት እንደዚያ አደረግኩ። ሲኞር ቪቶሪዮ ያዩኛል፣ ግን ሰው በሥራው ላይ ቢጸልይ ምን ቸገራቸው፣ አልጠየቁኝም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ባለፈው ጥቅምት ማለቂያ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ያው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው ዕረፍታችን፣ እትዬ አሰለፈች ቶር ፒኛታራ ሰፈር ቤታቸው ጠሩን። አምስት ሴቶች ነበርን። ውባንቺ አልተጠራችም። ውባንቺ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ እኔን በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ ልጅ አላት፣ ሳህሉ፤ ለእህቷ ትታው የመጣችው፣ በኋላ ለውትድርና የተወሰደባት። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ናት፤ አብረን ቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ብርቱካን እንበላለን።

እትዬ አሰለፈች በሩን ዘግተው፣ «ሳህሉ ሞቷል» አሉ። «ደብዳቤ መጥቶልኛል።»

አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ጎረቤት አለ ተብላ ዝም አለች።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አሉ እትዬ አሰለፈች። «አሁን አትነገርም። አሠሪዋ ሲኞራ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት እንዴት ታለቅሳለች? ያስወጧታል። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ደግሞ በዚያ ሥራ ነው የተያዘው፣ እስኪታደስ ይቆይ። ከፋሲካ በኋላ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

ሁሉም ልክ ነው አሉ። ልክም ነበር። ያሉት ነገር ሁሉ እውነት ነው።

«አበራሽ፣ አንቺስ?» አሉኝ።

«እኔ ምን እላለሁ» አልኩ።

ይኼን ነው ያልኩት። በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ ሌላ ነገር ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ባስ ይዤ ፕራቲ ገባሁ፣ እራት ሠራሁ፣ ሳህን አጠብኩ።

በሳምንቱ ውባንቺ ፕራቲ ድረስ መጣች። ትልቅ ከረጢት ይዛለች። ከረጢቱን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ከፋይ ዘረጋች፣ እንደ ውሃ የሚፈስ።

«ለጃንጥላ ነው» አለች። «ከሳህሉ ደብዳቤ ካጣሁ ስድስት ወር አለፈኝ። ስለቴን አስቀድሜ ላግባና ቅዱስ እስጢፋኖስ ይፈር አልኩ። ከናታሌ፣ ከፈረንጅ ገና፣ ማግስት በዓሉ ነው፣ እስከዚያ ትጨርሺልኛለሽ?»

«እኔ ጃንጥላ ሰፍቼ አላውቅም።»

«መጋረጃውን ማን ሰፋው? ደግሞ ያንቺ እጅ ይሰምራል። ወንድምሽ...» ብላ ቆመች። ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ ግን አልሳቀችም። «ይቅር በይኝ፣ ምላሴ ነው።»

«ቫ ቤኔ፣ ምንም አይደል» አልኳት። «ተዪልኝ።»

ትታልኝ ሄደች። እኔም መስፋት ጀመርኩ። ይኼንንም አልደብቅም። ጠዋት ጠዋት ካርታ፣ ከሰዓት ከሰዓት ከፋይ። ሰው ጨካኝ ነሽ ይለኝ ይሆናል። ጭካኔ አልነበረም፣ ምንም አልነበረም። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ሰፋሁ። ጃንጥላው ከሚገጣጠምባቸው ስምንት ቅጠሎች ስድስቱን ጨረስኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሲኞር ቪቶሪዮ ከኋላዬ መጥተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«አበራሽ» አሉ። «ባሕሩ የብስ ላይ ወጥቷል።»

አየሁት። አንዱን ቁራጭ ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። ውሃው መሬት መካከል፣ የሰዉ ቤት ደግሞ ባሕሩ መሆን በነበረበት ጫፍ። ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ አላቀቅኩት፣ ሙጫው ገና አልደረቀም። እሳቸው ግን አልሄዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አራት ዓመት ከኔ ጋር ሠርተሻል» አሉ። «እንዲህ አድርገሽ አታውቂም። ያ ቀይ ጨርቅ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ስለቱን፣ ልጁን፣ ደብዳቤውን፣ እስከ ፋሲካ መቆየቱን። የኔንም ነገርኳቸው፣ ሹራቡን ጭምር። ለፈረንጅ የሚነገር ነገር አልነበረም፣ ግን ከአፌ ወጣ። ስጨርስ ሰባት መስቀል ወዳለበት ካርታ አመለከትኩ።

«እነዚህ ሰባት ቤተ ክርስቲያን የሠሩ ሰዎች፣ ለሞተ ሰው ደህና ግባ ብለው ስለት ያስገቡ ነበር ወይ?» አልኩ።

«ሰባት ቤተ ክርስቲያን? የት?»

በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከዚያ ካርታው ጥግ ላይ ሌላ ምልክት አሳዩኝ፣ ትንሽ ክብ ላይ የቆመ መስቀል፣ የታተመ።

«ቤተ ክርስቲያን ይኼ ነው» አሉ። «የእርሳሶቹ ሰዎች ናቸው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በያንዳንዱ መስቀል ጎን የጉንዳን እግር የሚመስል ጽሑፍ አለ። እኔ የወረቀቱ መጨማደድ መስሎኝ ነበር። ስም ነው። በ1864 በፈረንጅ አቆጣጠር እዚያ ጦርነት ነበር አሉኝ። ካርታውን የያዘው የዴንማርክ መቶ አለቃ ነው። ሰባት ወታደር እዚያ እርሻ ላይ ወደቁበት። የወደቁበትን ቦታ በእርሳስ አስምሮ ስማቸውን ጻፈ።

«ሦስተኛው» አሉ ሲኞር ቪቶሪዮ፣ «የኢንገ አያት ወንድም ነው። መቶ አለቃው ለሰባቱም ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ለነሱ ቤት በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሳቸው። በጋሪ፣ በጭቃ ውስጥ።»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«ቀኑን። ሰዓቱን። ቦታውን፤ ከወፍጮው ወደ ምሥራቅ ስንት እርምጃ እንደሆነ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀሱ» አሉ። «በኋላ እርሻው የጀርመን ሆነ፣ ወፍጮው ፈረሰ፣ መንገዱ ተቀየረ። ኢንገ በሃያ ዓመቷ ሄዳ እርምጃውን ቆጥራ ቦታውን አገኘችው።»

አሥራ አንድ ቀን። በጋሪ። ለኛ አውሮፕላን ነበረ።

ሁለት ዓመት ስሳለማቸው የኖርኩት ሬሳ ኖሯል፣ አልኩ በልቤ። አልከፋኝም። ጥሩ አደረግኩ። የሚሳለማቸው ሌላ ሰው የት ይገኛል፣ እዚህ ሮም።

ትልቁን አትላስ አወረዱና የኛን አገር ገለጡልኝ። «ወንድምሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ሰሜን ነው የተባለው።»

«ሰሜን የት?»

«ሰሜን» አልኩና መዳፌን አስቀመጥኩበት። መዳፌ ሁሉንም ሸፈነው። ከጣቶቼ ጫፍ ባሕሩ ይታያል፣ ከእጄ አንጓ ሥር ትግራይ። «እዚህ ውስጥ ነው» አልኳቸው። የሲኞራ ኢንገ ካርታ ላይ መዳፌን ባስቀምጥ የምሸፍነው አንድ እርሻ ነው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሴትየዋ ልጇ የት እንደወደቀ ታውቃለች?»

«መሞቱንም አታውቅ።»

«ስታውቅ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ ይኼንን ነው» አሉ። ተነስተው ሄዱ። ከፋዩን አጥፌ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ ቶር ፒኛታራ ሄድኩ። እትዬ አሰለፈች ብቻቸውን ናቸው፣ ምስር ይለቅማሉ። ጉንጬን ሳሙኝ፣ ተቀመጪ አሉኝ። ቆምኩ።

«ደብዳቤውን ላየው ነው የመጣሁት» አልኩ።

«የምን ደብዳቤ?»

«የሳህሉን።»

«ምን ያደርግልሻል? ማንበቡ ይቸግርሽ የለ።»

«ቀስ ብዬ አነባለሁ። ጊዜ አለኝ።»

አዩኝ። ከዚያ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉና ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አወጡልኝ። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። እሳቸው ምስራቸውን ለቀም ለቀም እያደረጉ ጠበቁኝ። ነሐሴ ሦስት ቀን 1977፣ ከባሬንቱ ወጣ ብሎ፣ ድልድይ አጠገብ ይላል። አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ አዲስ አበባ መጥቶ ለአክስቱ የነገረው ነው። አሸዋ ውስጥ ቀበርነው ብሏል። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና በቃሌ ያዝኩት።

«ለውባንቺ ልነግራት ነው» አልኩ።

«አብደሻል? ተስማምተን?»

«እኔ አልተስማማሁም፣ ዝም ነው ያልኩት።»

«ብቻሽን? መርዶ እኮ እንደ ወሬ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ሰው ይፈልጋል።»

«ሁለት ነን።»

«ማን ነው ሁለተኛው?»

«ሲኞር ቪቶሪዮ።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «ፈረንጅ ይዘሽ መርዶ?»

«ሽማግሌ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው።»

«ማዶና» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ለወጡ። «ስሚኝ አበራሽ። አንቺ እኔን ክፉ ሴት አድርገሽ ይዘሽኛል፣ አውቃለሁ። ያንቺንም የደበቅኩት ወድጄሽ ነው። እነዚያ ሰዎች በር ላይ ይጥሉሽ ነበር። አለቀልሽ ነበር።»

«ያንን አልጠላሁም» አልኩ። «ሹራቡን ነው።»

«የምን ሹራብ?»

«ቡናማውን። ልክ ሆኖታል ያሉኝን።»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። እያስመሰሉ መስሎኝ ፊታቸውን ደህና አድርጌ ተመለከትኩ። አላስመሰሉም። ረስተውታል። እኔ አምስት ዓመት ሊሞላ የተሸከምኩትን እሳቸው ከአፋቸው እንደወጣ ረስተውታል። ለእሳቸው የአንድ ቀን ማጽናኛ ቃል ነበር፣ እንደ እግዜር ይስጥልኝ ያለ።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። «እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው» አልኩ። «መምጣት ከፈለጉ ፕራቲ ነው፣ ቤቱን ያውቁታል።»

«ሥራዋን ካጣች በአንቺ ነው» አሉኝ ከኋላዬ።

«በኔ ይሁን።»

ቅዳሜ ሲኞር ቪቶሪዮ፣ አስቀድሜ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኝ ነበርና፣ ካርታዎቹን በሙሉ ሰብስበው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉ። የሥራ ክፍሉ ባዶ ሲሆን እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋን። ምን ያስፈልጋል አሉኝ። ወንበር፣ ውሃ፣ ሰው አልኳቸው። ስንት ቀን ታለቅሳለች አሉኝ። ሦስት ቀን እዚህ እንድትሆን ቢፈቅዱላት አልኳቸው። ለአሠሪዋ ሲኞራ እኔ ራሴ ስልክ እደውላለሁ አሉ፤ ኮሎኔል ነኝ እላለሁ። ኮሎኔል እንዳልነበሩ አውቃለሁ። ከዚያ ወርደው ለበረኛዋ ለፒና ነገሯት፤ ደረጃው ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«ነገ እኛ ቤት ይለቀሳል» አሏት።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ፒና።

«ወታደር።»

«ዘመድዎ ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «የቤቱ ነው» አሉ። «ጩኸት ብትሰሚ ካራቢኔሪ እንዳትጠሪ።»

እሑድ ጠዋት ጥቁር ክራቫት አስረው ወጡ፣ ለሲኞራ ኢንገ ቀብር ያሰሩትን። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከፊት ያደርጉታል። እኔ ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ውባንቺን «እሑድ ከቅዳሴ በፊት ምንም ሳትቀምሺ ነይ፣ ጨርቁን እንለካው» ብዬ ነበር የጠራኋት። ዋሸኋት፣ አንድ የመጨረሻ ጊዜ።

ሁለት ሰዓት ሆነ። እትዬ አሰለፈች አልመጡም። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ በደረጃው በኩል ጆሮዬን ጥዬ። የሰማሁት የአንድ ሰው እርምጃ ነው፣ የውባንቺን።

በሩን ከፈትኩ። እጇ ላይ የወርቅ ዘርፍ የያዘ ወረቀት አለ፣ ለጃንጥላው ጠርዝ። ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ነጠላዬን አየች። ከኔ ጀርባ የቆሙትን ሽማግሌ አየች፣ ክራቫታቸውን። ወረቀቱ ከእጇ አልወደቀም፤ ይበልጥ ጨበጠችው።

«ገብተሽ ተቀመጪ» አልኳት።

«እዚሁ ንገሪኝ።»

«ሳህሉ አርፏል» አልኩ። «ነሐሴ ሦስት። ከባሬንቱ ወጣ ብሎ፣ ድልድይ አጠገብ። ጓደኛው ነው የቀበረው፣ አሸዋ ውስጥ። ብቻውን አልነበረም።»

ቃሉን እንደያዝኩት ነው ያልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ባስ ላይ የፌርማታ ስም የሚጠራ ሰው።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?» አለችኝ።

ይኼንን አላሰብኩበትም ነበር። ለቦታው ተዘጋጅቻለሁ፣ ለቀኑ ተዘጋጅቻለሁ።

«አራተኛ ሳምንቴ ነው» አልኩ።

«ከፋዩን ሳመጣልሽ?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ሰፋሽው?»

«ስድስት ቅጠል ሰፋሁ።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የምትሄድ መሰለኝ። ከሄደች ልከተላት አስቤ ነበር። ግን ወደ ውስጥ ገባች፣ አጠገቤ አልፋ፣ ትከሻዋ ሳይነካኝ፣ ባዶው ክፍል መካከል ቆመች። ሲኞር ቪቶሪዮ ወንበር አቀረቡላት። አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ስሙን አንድ ጊዜ ቀስ ብላ ጠራችው፣ ሌላ ክፍል ውስጥ እንዳለ ልጅ። ከዚያ ጮኸች።

ኅዳር ነው፣ መስኮቱ ግን ተከፍቶ ነበር፤ የሙጫው ሽታ እንዲወጣ ጠዋት እኔ ነኝ የከፈትኩት። ከግቢው ማዶ አንድ መዝጊያ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሰው አንገቱን አወጣ። ሲኞር ቪቶሪዮ ደንግጠው ሊዘጉት ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«ይተዉት» አልኳቸው። ሄጄም እጃቸውን ከመዝጊያው ላይ አነሳሁት።